ማይክል ማን የትኛው ነው? የፊልም ዳይሬክተሩ ወይስ የመንግሥት ኃይል ተመራማሪው?

አርታዒ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ለአንድ መጽሔት የተዘጋጀ የትርጉም ጽሑፍ እያረምኩ ሳለሁ የገጠመኝን ችግር ላቅርብላችሁ። ጽሑፉ ስለ መንግሥት ኃይል ነው። አንድ ገዥ ማንንም ሳያማክር የፈለገውን የማዘዝ ሥልጣን ሊኖረው እንደሚችል፣ ያዘዘውን ነገር እስከ መጨረሻው መንደር ድረስ ወስዶ የማስፈጸም አቅም ግን ከዚህ የተለየ ነገር እንደሆነ ያስረዳል፤ ይህን ልዩነት አብራርቶ የጻፈውም ማይክል ማን መሆኑን ይጠቅሳል። እስከዚህ ድረስ ምንም አልጎረበጠኝም። ተርጓሚው ግን አንባቢን ለመርዳት ብሎ ከስሙ ቀጥሎ «በ‹ሂት› እና በ‹ዘ ኢንሳይደር› ፊልሞቹ የሚታወቀው አሜሪካዊ ዳይሬክተር» የሚል ማብራሪያ ጨምሮበታል።

መጀመሪያ ሳነበው ስህተት ነው ብዬ ልሰርዘው ነበር። ከዚያ ጥቂት ባገላብጥ ጥርጣሬዬ ይጠራል ስል ይባስ ደፈረሰ፤ ምክንያቱም ዳይሬክተሩም ተመራማሪውም ከሎስ አንጀለስ ጋር የተያያዘ ሕይወት አላቸው፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ተምረዋል፣ ዕድሜያቸውም የአንድ ሰው እስኪመስል ድረስ ይቀራረባል። ፊልም እየሠራ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ ሞልቷል። ታዲያ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆኑስ አንባቢ እንዳይደናገር በአማርኛ እንዴት ብንጽፋቸው ይሻላል? «ማይክል ማን እንዳለው» የሚለውን ሐረግ መጀመሪያ ሳነበው፣ ጸሐፊው የሰውየውን የአባት ስም ረስቶ እኔን እየጠየቀኝ መስሎኝ እንደነበር ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ብራና

ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሞክሼነት እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ተርጓሚው ማብራሪያ መጨመሩ በጎ ልማድ ነበር፤ ችግሩ ማብራሪያው የሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው።

ተመራማሪው ማይክል ማን እ.ኤ.አ. በ1942 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ታሪክ፣ ቀጥሎም ሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) አጥንተዋል፤ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲና በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ በ1987 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩ። ከዚህች ከተማ ጋር ያላቸው ግንኙነት በዩኒቨርሲቲው በኩል የመጣ እንጂ በሆሊውድ በኩል አይደለም። ዋናው ሥራቸው «የማኅበራዊ ኃይል ምንጮች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጽ በ1986፣ ሁለተኛው በ1993፣ ሦስተኛው በ2012፣ አራተኛው በ2013 ታትሟል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ መካከል ያለው የ19 ዓመት ክፍተት ሥራ ፈትተው የተቀመጡበት አይደለም፤ ስለ ፋሺስቶች የጻፉት መጽሐፍ በ2004፣ ዴሞክራሲ ወደ ዘር ማጽዳት ሊያመራ ስለሚችልበት ሁኔታ የጻፉት ደግሞ በ2005 የወጡት በዚያው መሃል ነው።

ዳይሬክተሩ ማይክል ማን በ1943 በቺካጎ ተወለደ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ካጠና በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለንደን ሄዶ የፊልም ትምህርት ተምሯል። አርታዒ ሆይ፣ «ሁለቱም እንግሊዝ አገር ተምረዋል» ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን አንደኛው በአገሩ፣ ሌላው በሰው አገር ነበር።

በእርስዎ ጽሑፍ የተጠቀሰው ሐሳብ ያለ ምንም ጥርጥር የተመራማሪው ነው። ሰፋ አድርገው ያቀረቡት በ1984 በታተመና የመንግሥትን ኃይል ራሱን የቻለ ኃይል አድርጎ በሚመረምር ጽሑፋቸው ላይ ነው፤ መጽሐፎቻቸውን ላላነበበ ሰውም መግቢያ እንዲሆን የምመክረው ይህንኑ አጭር ጽሑፍ ነው።

የሌሊት ተመልካች

ብራና ስለ ተመራማሪው ሲጽፍ «ተወለዱ»፣ ስለ ዳይሬክተሩ ሲጽፍ «ተወለደ» ማለቱን አስተዋላችሁ? ዕድሜያቸው በአንድ ዓመት ገደማ ብቻ የሚለያይ ሁለት አረጋውያን ናቸው፤ እኛ ግን መጽሐፍ ለጻፈው አንቱታ ሰጥተን ፊልም የሠራውን አንተ እንላለን። ቅሬታ ማቅረቤ አይደለም፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጽፈው፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ በአንድ የአማርኛ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ይህ የግስ እርባታ ብቻ ነው።

የመጣሁት ግን ለተርጓሚው ትንሽ ልከራከርለት ነው። ስህተቱ ስህተት ነው፤ ሆኖም ከሜዳ ተነስቶ የተሳሳተ አይመስለኝም። የዳይሬክተሩን ፊልሞች ያየ ሰው ስለ ኃይልና ስለ ተቋም የሚያስብ አእምሮ ከጀርባ እንዳለ ይሰማዋል። በ1999 የወጣውን «ዘ ኢንሳይደር» ውሰዱ። በትምባሆ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ የሚያውቀውን በቴሌቪዥን ለመናገር ሲወስን፣ ከኩባንያው ማስፈራሪያ በላይ የሚያፍነው ሊናገርበት የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ የሕግ ክፍል ስሌት ነው። ማንም ሰው ማንንም አይደበድብም፤ ውል፣ ጠበቃ፣ ስብሰባና የስልክ ጥሪ ብቻ ነው ያለው፤ ሆኖም ተመልካቹ አየር ያጥረዋል። ፊልሙ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ ለእኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

በ1995 የወጣው «ሂት» ደግሞ ዳይሬክተሩ ከአንድ የቺካጎ መርማሪ ፖሊስ በሰማው እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ያንኑ ታሪክ በ1989 ለቴሌቪዥን ፊልም አድርጎት ነበር፤ ስላልረካ እንደገና ሠራው። ፖሊሱና ዘራፊው ቡና ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሥራቸው የሚያወሩበትን ትዕይንት ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል፤ እኔ ግን ከባንኩ ደጃፍ እስከ ጎዳናው የሚዘልቀውን ተኩስ ነው የማነሳው። በአብዛኞቹ ፊልሞች የተኩስ ድምፅ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራል፤ እዚያ ግን ጥቅም ላይ የዋለው በቦታው የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ጥይቱ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ እየተላተመ ሲመለስ የሚሰማው ለዚህ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁት ከሆነ የምለውን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ «ስለ ኃይል የሚጽፈው ማይክል ማን» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ የፊልም አፍቃሪ ወደ ዳይሬክተሩ ቢያመራ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ወደ መጽሐፉ ሽፋን ሄዶ ባለማየቱ ነው።

ዋቢ

ጉዳዩ ከሁለት ሰዎችም በላይ ነው። የሰሜኑን የምድር ንፍቀ ክበብ ሙቀት በሺህ ዓመታት ስፋት ያሳየውን፣ የገና ዱላ በሚመስል ቅርጹ የታወቀውን ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የአየር ንብረት ሳይንቲስትም ማይክል ማን ነው። ከጀርመናዊው ደራሲ ከቶማስ ማን ልጆች አንዱ፣ ሙዚቀኛና የሥነ ጽሑፍ ምሁር የነበረው፣ በ1977 ያረፈውም እንዲሁ ማይክል ማን ይባላል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ በስሙ መሃል አንድ ፊደል አስገብቶ ማይክል ኢ. ማን ብሎ ስለሚፈርም ከሌሎቹ መለየት ይቻላል። ዳይሬክተሩና ተመራማሪው ግን ሥራዎቻቸውን የሚያወጡት በባዶው ስም ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። በጥናታዊ ጽሑፍ ላይ የደራሲን ስምና የታተመበትን ዓመት በቅንፍ የማስቀመጥ ልማድ አለን፤ ሞክሼዎችንም ዓመቱ ይለያቸዋል ብለን እንተማመናለን። በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ ግን ዓመቱም ይከዳናል። «(ማን፣ 1986)» ብላችሁ ብትጽፉ የተመራማሪው የመጀመሪያ ቅጽ ሊሆን ይችላል፤ ዳይሬክተሩ «ማንሃንተር» የተባለውን ፊልም ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። «(ማን፣ 2004)» ስለ ፋሺስቶች የተጻፈው መጽሐፍ ነው ወይስ «ኮላተራል»፣ ያ በሎስ አንጀለስ ሌሊት በታክሲ ውስጥ የሚያልፈውና አብዛኛው በዲጂታል ካሜራ የተቀረጸው ፊልም? በ2023 ደግሞ ተመራማሪው ስለ ጦርነቶች አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ዳይሬክተሩ «ፌራሪ»ን አወጣ። የ1984ቱን ካነሳን፣ ብራና የጠቀሰው ጽሑፍ የታተመው ዳይሬክተሩ በዋና ፕሮዲውሰርነት የመራው «ማያሚ ቫይስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን መታየት በጀመረበት ዓመት ነው። ሰዎቹ ተነጋግረው ያደረጉት ነው እንዳልል በ80 ዓመታቸው እንዲህ ያለ ቀልድ የሚቀልዱ አይመስለኝም።

በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሞክሼ ደራሲያን ሲገጥሙ ከስማቸው ጎን የትውልድ ዓመት ይጻፋል። ይህም ቢሆን ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ወጥመድ አለው። አንዳንድ ተርጓሚ ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ወሩን ሳያይ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ይቀንሳል፤ ከ1942 ሰባት ቢቀንስ፣ ከ1943 ስምንት ቢቀንስ ሁለቱም 1935 ላይ ያርፋሉ። እንግዲህ የቀረችው የአንድ ዓመት ልዩነትም ጠፋች ማለት ነው። ስለዚህ አርታዒ፣ የትውልድ ዓመታቸውን የሚያስገቡ ከሆነ እ.ኤ.አ. ብለው እንዳለ ይተዉት።

አርታዒ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዎች መሆናቸው ተረጋግጦልኛል፤ የዓመታቱ መገጣጠም ግን እውነቴን ነው የምለው እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር። ተርጓሚው ሁለቱን የኃይል ዓይነቶች «አምባገነናዊ ኃይል» እና «መሠረተ ልማታዊ ኃይል» ብሏቸዋል። የመጀመሪያው ይሁን፤ ሁለተኛው ግን መንገድ ሥራና መብራት ኃይልን እያሳሰበኝ ተቸግሬያለሁ። ደራሲው ማን መሆኑን ካወቅን በኋላ ቃሉን ምን ብንለው ይሻላል?

ብራና

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ከስሙ ጉዳይ ይልቅ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል።

ማን በ1984ቱ ጽሑፋቸው የመጀመሪያውን ኃይል ለማስረዳት በልጆች ተረት ውስጥ ያለችውንና «አንገቱን ቁረጡት!» እያለች የምትጮኸውን ንግሥት ያነሳሉ። ንግሥቲቱ ማንንም ሳታማክር ታዛለች፤ የታዘዘውም ይፈጸማል፤ ነገር ግን ሰውየው በአጠገቧ ካለ ብቻ ነው። ከዓይኗ ከተሰወረ እሱን ፈልጎ ማግኘት ለእሷ ከባድ ነው። የጥንት ነገሥታት በዚህ የመጀመሪያው ኃይል እጅግ የበረቱ፣ በሁለተኛው ግን ደካሞች ነበሩ፤ ከቤተ መንግሥታቸው በራቁ ቁጥር ትእዛዛቸው እየሳሳ ይሄዳል። የዛሬው መንግሥት ደግሞ በተቃራኒው፣ በብዙ አገር ማንንም ያለ ፍርድ አንገቱን ሊያስቆርጥ ሥልጣን የለውም፤ ሆኖም የሠራተኛውን ደመወዝ ገና እጁ ሳይገባ ግብሩን ይቀንስበታል፣ ስለ እያንዳንዱ ሰው መረጃ ያከማቻል፣ ሲፈልግም መልሶ ያወጣዋል። ንግሥቲቱ ይህን ብታይ በቅናት የምትታመም ይመስለኛል።

ተመራማሪው ሁለቱን ኃይሎች እርስ በርስ አጣምረው አራት ዓይነት መንግሥታት ያወጣሉ። በሁለቱም የደከመው የፊውዳሉ ነው፤ በማዘዝ በርትቶ በማስፈጸም የደከመው የጥንቱ ኢምፓየር ነው፤ በማስፈጸም በርትቶ በማዘዝ የተገደበው የዘመናዊ ዴሞክራሲ ቢሮክራሲ ነው፤ በሁለቱም የበረታው ደግሞ እንደ ሶቪየት ኅብረት ያለው ነው።

መሠረተ ልማት የሚለው ቃል የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው። ማን መንግሥት ወደ ኅብረተሰቡ የሚዘልቅባቸውን መንገዶች ሲዘረዝሩ መንገድ፣ መርከብና ቴሌግራፍ በእርግጥ አሉበት፤ ግን ከአራቱ አንዱ እነሱ ናቸው። ቀሪዎቹ የመንግሥት ሥራ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ከማዕከል መመራቱ፣ መልእክት ሳይዛባ ተጽፎ የሚተላለፍበትና ሕግ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት የጽሕፈት ዕውቀት፣ እንዲሁም መንግሥት ዋጋውን የሚያረጋግጥለት ገንዘብና የሚዛን መለኪያ ናቸው። የአንድ ጸሐፊ መዝገብና የአንድ ነጋዴ ሚዛን እንደ አስፋልቱ ሁሉ የመንግሥት እጅ ናቸው ማለት ነው። ይህን «መሠረተ ልማታዊ» ስንለው አንባቢው አስፋልቱን ያያል፤ መዝገቡን አያየውም።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን «በዘፈቀደ የማዘዝ ኃይል»፣ ሁለተኛውን «ዘልቆ የማስፈጸም ኃይል» እለዋለሁ። አንድ ቃል ባለመሆናቸው እንደ ስያሜ ይረዝማሉ፤ ነገር ግን የሚሉትን ይላሉ። «አምባገነናዊ» የሚለውንም የምፈራው፣ ማን ይህን የኃይል ዓይነት በማንኛውም መንግሥት ውስጥ በመጠን የሚገኝ ነገር አድርገው ስለሚያዩትና የእኛ ቃል ደግሞ ገና ሲነበብ ፍርድ ስለሚሰጥ ነው።

ዋቢ

«ዘልቆ የማስፈጸም ኃይል» ግሩም ነው። አንድ ተቃውሞ ብቻ አለኝ፤ እሱም በብራና ላይ ሳይሆን በማን ላይ ነው። የማኅበራዊ ኃይል ምንጮች አራት ናቸው ይላሉ፤ ርዕዮተ ዓለማዊ፣ ኢኮኖሚያዊ፣ ወታደራዊ እና ፖለቲካዊ። ጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ቬበርን የተከተሉ ብዙዎች ወታደሩን ከመንግሥት ጋር አንድ አድርገው ነው የሚያዩት፤ እሳቸው ግን ለየብቻ ያቆሟቸዋል። በታሪክ የመንግሥት ያልሆነ ጦር ብዙ ስለነበር ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ጦር መንግሥትን የፈጠረባቸው ጊዜያትም ስላሉ መስመሩ የሚሰመርበት ቦታ እስከ ዛሬ አላሳመነኝም። የአርታዒ ጽሑፍ ይህን የሚነካ ከሆነ፣ አራት ያሉት እሳቸው እንጂ ሁሉም የዘርፉ ሰዎች እንዳልሆኑ በአንድ ሐረግ ቢጠቆም ጥሩ ነው።

የሌሊት ተመልካች

ስለ ስሙ አጻጻፍ ገና አልተመለሰም። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሲጠቀስ ሙያው ከስሙ በፊት ይምጣ፤ «የታሪካዊ ሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማይክል ማን» ወይም «የፊልም ዳይሬክተሩ ማይክል ማን» ይባል። ከዚያ በኋላ «ማን» ብቻ ብሎ መተው በእንግሊዝኛ ያምራል፤ በአማርኛ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ጥያቄ ያስመስለዋል። «ማን እንደሚለው» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ አስቡት! ስለዚህ ሙሉ ስሙን መድገም ወይም «ተመራማሪው» ማለት ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ የሚያነሳ ሰው ካለ ደግሞ፣ ሞክሼ መሆናቸውን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ቢናገር አንባቢው ያመሰግነዋል።

አርታዒ (ጠያቂ)

ዛሬ ጠዋት ከተርጓሚው ጋር ተነጋግረን እርማቱን ጨርሰናል። ለተርጓሚው የዋቢን የዓመታት ዝርዝር ሳሳየው ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ!» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «በእንግሊዝ አገር የተወለዱትና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት የታሪካዊ ሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ማይክል ማን የመንግሥትን ኃይል በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው በዘፈቀደ የማዘዝ ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘልቆ የማስፈጸም ኃይል ነው።» ከታች በኅዳግ ማስታወሻ ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው መሆኑን በአንድ መስመር አስገብተናል፤ የትውልድ ዓመቱንም እ.ኤ.አ. ብለን ትተነዋል።

ሁሉን ጨርሼ ገጹን ወደ ማተሚያ ልልክ ስል ግን ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚወጣውን ፎቶግራፍ ከፈትሁት። የፋይሉ ስም «ማይክል ማን» ይላል። ሰውየው ከካሜራ ጀርባ ቆሞ፣ የጆሮ ማዳመጫ በአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በእጁ ወደ ሩቅ እያመለከተ ነው።